ያልጠፋችው አንድ

መምህርት ሜንግ ሄ-ኦክ የሞተችው ለአረጋውያን የስልክ አጠቃቀም በምታስተምርበት ክፍል፣ በራሷ ነጭ ሰሌዳ ሥር ነው። የተመታችበትም ዕቃ የራሷ ነው፤ ያረጁ ተማሪዎቿ በተሳሳቱ ቁጥር ጆሯቸው ሥር ታቃጭልባቸው የነበረችው የነሐስ ደወል። የዋንቾ ደሴት ሰው ወሬውን ሰምቶ ከንፈሩን መጠጠ፤ ከልቡ ያዘነው ግን ቢለቀም አንዲት የዓሣ ቅርጫት አይሞላም ነበር።

መርማሪ ታክ ጂን-ህዋ በቀትሩ ጀልባ ከከተማ ደረሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋ በብርድ የቀላ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሥራ ከጀመረች ወዲህ አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም ይባልላታል፤ ይህን እንደ ደግነት የሚቆጥሩላት ግን እውነቷን ያልቀመሱ ብቻ ናቸው። በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ነጠላ ጫማ አጠለቀችና በቀጥታ ወደ ሬሳው ሄደች።

የደሴቷ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ሶክ እጁን እያፋተገ ተቀበላት።

«በከንቱ ባሕር አቋረጡ፣ እመቤቴ። ጉዳዩ አልቋል» አለ። «ገዳይዋ ጣቢያ ተቀምጣለች። በማታው ጀልባ ወደ ከተማ እስር ቤት እልካታለሁ።»

«ማን ናት?»

«ዶ ጆም-ሬ የምትባል ባልቴት፣ ተማሪ ናት። ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ደወል መምህርቷ ላይ ወርውራለች። ‹እገድልሻለሁ!› ብላ ስትጮኽ የሰሙ ሁለት ምስክሮች አሉኝ። ትናንት አመሻሹ ላይ መጥታ የዛተችውን ፈጸመች። እጀታው ላይ አሻራዋ አለ።»

«ማክሰኞ የወረወረችው ደወል ላይ አሻራዋ ባይኖር ነበር የሚገርመኝ። ሌላስ የማን አለ?»

«የሟቿ። ከዚያ ወዲያ የለም።»

«በዚህ ብርድ ደሴቱ ሁሉ ጓንት ነው የሚያጠልቀው። አንተ ጓንት ባጠለቀ እጅ የተገደለች ሴት ይዘህ አሻራ ትቆጥራለህ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው።»

ሶክ ፊቱ ቀላ። ታክ ግን ተንበርክካ የሟቿን እጅ አንስታ ነበር። መምህርት ሜንግ ሰሌዳ በጣቷ የማበስ ልማድ ነበራት፤ ጣቶቿ ሁሉ በማርከር ሰማያዊ ሆነዋል። የቀኝ አውራ ጣቷ ብቻ ንጹሕ ነው። ጥፍሯ ሥር እንኳን ሳይቀር በጥንቃቄ ተጠርጓል።

«ስልኳስ?»

«ካፖርቷ ኪስ ውስጥ አገኘነው። በጣት አሻራ ነው የሚከፈተው።»

«በየትኛው ጣት?»

መልሱ የመጣው ከበሩ በኩል ነው። አዳራሹን የሚጠብቀው ፓንግ ጊ-ሆ ትከሻውን ሰብሮ ቆሟል። ጠዋት ወንበር ሊያወጣ ገብቶ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። «በቀኝ አውራ ጣቷ» አለ። «ትምህርት ሁለት ላይ አሳይታናለች። ‹ፓስወርድ ይረሳል፤ ጣት ግን አይረሳም› ትል ነበር።»

«እውነቷን ነው። ገና ሳትቀዘቅዝ አንድ ሰው ጣቷን ጠርጎ፣ ስልኩ ላይ ጭኖ ከፍቶበታል» አለች ታክ። «ትናንት ማታ ከሷ ስልክ የተላከላችሁ ነገር አለ?»

ፓንግ ደነገጠ። ስልኩን አውጥቶ ከክፍሉ ግሩፕ ላይ እንዲህ ሲል አነበበ፦ «ውድ ተማሪዎቼ፣ የክፍሉ ማሞቂያ ስለተበላሸ ነገ ትምህርት የለም። ነፋሱ ከባድ ነውና እባካችሁ በብርድ ወጥታችሁ እንዳትቸገሩ። ለመጠገን ጊዜ ስለሚወስድ ዓርብ ከምሳ በኋላ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ፎቅ ላይ እንገናኛለን። ቻርጀራችሁን እንዳትረሱ።» ከሥሩ ፓንግ «እሺ መምህር» ብሎ መልሷል።

«ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበር?»

«ኧረ ደህና ነው! እኔም ገርሞኛል። ግን እሷን መጠየቅ ማለት… ያው ደወሉን መስማት ነው።»

ታክ ወደ ማኅበሩ ደወለች። ፎቁን የጠየቃቸው ሰው የለም፤ ፎቁ ላይ መረብ ተከምሯል። ስልኩን ዘግታ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየች። በሰማያዊ ማርከር፣ በትልልቁ «ትምህርት ሰባት፦ 1 ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህን መልእክት የጻፈው ገዳዩ ነው። ሬሳው እስከ ዓርብ ሳይገኝ እንዲቆይ ፈልጓል» አለች።

«እንግዲህ ጆም-ሬ ጽፋዋለቻ!» አለ ሶክ።

«ሊሆን ይችላል። ግን ልብ በል፤ ሰው ገድሎ፣ የሬሳ ጣት ይዞ፣ ‹በብርድ እንዳትቸገሩ› ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። ክፉ ሰው ይህን ለመጻፍ አያስብም።»

ጣቢያው የጋዝ ምድጃና የእርጥብ ካልሲ ሽታ አለው። ዶ ጆም-ሬ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ዓሣ በማድረቅ የምትኖር፣ ልጅም ባልም የሌላት ሴት። በዕድሜዋ ሙሉ ከደሴቷ ወጥታ አድራ አታውቅም። ፍርሃቷን ለመደበቅ መዳፎቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታቸዋለች።

«እትዬ ጆም-ሬ፣ ገድለዋታል?»

«ማክሰኞ ደወሉ አግኝቷት ቢሆን ገድያት ነበር። አላገኛትም። ዐይኔ ደክሟል።»

«ለምን ወረወሩባት?»

«የሰው ገመና ነው። የራሴ ቢሆን እነግርሽ ነበር።»

«በማታው ጀልባ ይወስዱዎታል። ከተማ ያለው ዳኛ ለሰው ገመና ደንታ የለውም።»

«ይውሰዱኛ! ዓሣዬን ድመት ይበላዋል እንጂ የሚያለቅስልኝ የለም» አለች፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ታክ አላባበለቻትም። «ዛሬ ትምህርት እንደሌለ ያውቁ ነበር?» አለቻት።

«ካፒቴን ነገረኝ። የክፍላችን አለቃ ነው፣ ካፒቴን ናምጉንግ፤ ድሮ የመንገደኛ ጀልባ ይነዳ ነበር። እኔ ማክሰኞ ዕለት ተናድጄ ከግሩፑ ወጥቻለሁ፤ መልእክት አይደርሰኝም። እራት ሰዓት ላይ መጣ። ‹ማሞቂያው ተበላሽቷል፣ ነገ በብርድ እንዳትለፊ። ዓርብ ከምሳ በኋላ በማኅበሩ ፎቅ ነው፤ ቻርጀርሽን ያዢ› አለኝ። እስቲ አሳየኝ ስለው ኪሱን ደባበሰና ‹ስልኬን ቤት ትቼዋለሁ› አለ። ሾርባ ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ሄደ።»

ታክ ተነስታ ወጣች። የማታው ጀልባ ሳይደርስ ልታያቸው የሚገቡ ሁለት ሰዎች ቀርተዋታል።

እማማ ቦንግ ማል-ሱን ግቢያቸው ውስጥ የባሕር ቅጠል ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና አላረጀም።

«የሞተችዋ? አንቺዬ፣ እኔን ‹ጭንቅላትሽ የደረቀ ዓሣ ነው› ብላኛለች እኮ! ዓሣ ቢደርቅም ይበላል፤ የሷ ጭንቅላት ለምን ይሆናል?» አሉ። ከዚያ ነገሩ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ነፍስ ይማር። ለነገሩ የሞተ አይከሰስ።»

«ትምህርት ሰባት ምን ነበር፣ እማማ?»

«እሱማ እንደ ውዳሴ ነው ያስደገመችን። ግሩፕ ላይ መልእክት ስትልኪ ጎኑ ላይ ትንሽ ቢጫ ቁጥር ትቀመጣለች። ሦስት ካለች ሦስት ሰው አላነበበም፤ አንድ ካለች አንድ ሰው። የላከው ሰው አይቆጠርም። ሁሉም ከፍቶ ሲያነብ ትጠፋለች። ‹አንድ ያስቀረ ሰው ክፍል ፊት ቆሞ ደወል ይደወልበታል› አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ስልኩን ይዞ ነው ሽንት ቤት የሚገባው። ካፒቴንማ ሁልጊዜ አንደኛ ነው፤ ሳትልኪው ያነባል ልበልሽ?»

«ግሩፑ ውስጥ እነማን ናችሁ?»

«ሌላው ተማሪ በሷ ተማርሮ ቀርቷል። እሷ፣ እኔ፣ ካፒቴን፣ ፓንግ። ጆም-ሬ ማክሰኞ ወጣች።»

«የትናንቱን መልእክት እርስዎ መቼ አዩት?»

«ወዲያው ነዋ፣ ደወሉን ፈርቼ! አበባም ልኬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተነስቼ ስክሪን ሾት አነሳሁት። ትምህርት ስድስት ስክሪን ሾት ነበር፤ ለልምምድ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳለሁ። የአየር ሁኔታውን አንስቼዋለሁ፣ የልጅ ልጄን አንስቼዋለሁ፣ ቻርጅ አልቋል የሚለውን ሳይቀር አንስቼዋለሁ።» ስልካቸውን ዘረጉላት።

ታክ ምስሉን አገኘችው። ጠዋት፣ ሬሳው ሳይገኝ የተነሳ ነው። መልእክቱ ሙሉ ለሙሉ ይነበባል፤ ከሥሩ የፓንግ «እሺ መምህር»፣ የእማማ ቦንግ አበባ። ከመልእክቱ ጎን ደግሞ፣ ትንሽ፣ ቢጫ፣ 1።

ታክ ምስሉን ዘጋችው። አሁን ስልኩ ላይ ያለውን እውነተኛውን መልእክት ከፍታ አየች፤ ቁጥሯ ጠፍታለች። ያ ሰው ከዚያ በኋላ፣ ጩኸቱ ሲነሳ፣ እንደሰው ሁሉ ከፍቶታል ማለት ነው።

«ማክሰኞ ዕለት ትልቁ ስክሪን ላይ ምን አይታችሁ ነው ጆም-ሬ ደወል የወረወረችው?»

እማማ ቦንግ ወደ ገመዱ ዞሩ። «እኔ እንጃ» አሉ። ከመጣች ጀምሮ የሰጧት አጭሩ መልስ ይህ ነበር።

ካፒቴን ናምጉንግ ቴ-ሺክ በሩን ሲከፍቱ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ገመዱ ሁሉ ተጠቅልሎ፣ ጫማው ሁሉ ወደ ደጅ ዞሮ ተሰልፏል። መስኮቱ ሥር ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ቻርጅ ላይ ተሰክተዋል።

«ስለ መልእክቱ ይንገሩኝ፣ ካፒቴን።»

«እንደደረሰኝ አነበብኩት። እንደ ሁልጊዜው። ስልኬ ከእጄ አይለይም። ጆም-ሬ ከግሩፑ ስለወጣች በከንቱ እንዳትለፋ ብዬ ሄጄ ነገርኳት። የክፍል አለቃ ግዴታ ነው።»

«ሌላ ሰው አይደለም የነገርዎት? በራስዎ ዐይን ነው ያነበቡት?»

«በራሴ ዐይን።»

«እሷ መታሰሯን ሰምተዋል?»

ካፒቴኑ ባሕሩን አዩ። «ሰምቻለሁ» አሉ።

«ሁለተኛው ስልክ የማን ነው?»

«የልጄ። ያን ቀን ረስቶት ወጣ። ባሕር ላይ ከቀረ አራተኛ ክረምቱ ነው።» የተኛ ልጁን ትራስ እንደሚያስተካክል አባት የቻርጀሩን ገመድ አቀኑት። «ፓስወርዱን አላውቀውም። እንዳይጠፋ ቻርጅ ብቻ አደርገዋለሁ።»

ታክ ሁለተኛውን ስልክ ሳትነካው ወጣች።

ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ ሰሌዳው እንዳለ ነው። እማማ ቦንግ፣ ፓንግና ካፒቴኑ በየወንበራቸው ተቀመጡ። ሶክ ጆም-ሬን እጇን በካቴና አስሮ አስገባት። ሶክ በየደቂቃው በመስኮት ወደቡን ያያል።

«ጀልባው ሳይመጣ ቶሎ ይበሉ» አለ።

«ቶሎ እላለሁ» አለች ታክ። «ገዳዩ መምህርቷን በራሷ ደወል መታ። ጣቷን ጠርጎ ስልኳን ከፈተ። ትምህርቱን የሚሰርዝ መልእክት ጽፎ ሄደ። ተማሪዋ ነው፤ ስልኩ በየትኛው ጣት እንደሚከፈት ያውቃል። ጎበዝ ተማሪም ነው። ትምህርት ሦስት ምን ነበር፣ ፓንግ?»

«ስልክ የትም ብትሄድ ያለህበትን ያውቃል የሚል ነው።»

«ስለዚህ የራሱን ስልክ ቤቱ ትቶ መጣ። ሲጠየቅ ስልኩ ‹ቤት ነበርን› ብሎ እንዲመሰክርለት። ከሟቿ ስልክ የላከው መልእክት ቤት በተኛው በራሱ ስልክ ላይም ገባ። ገባ እንጂ አልተከፈተም። ሌሎቻችሁ ደወሉን ፈርታችሁ ተሻምታችሁ ከፈታችሁት፤ እሱ ግን ቤቱ ሲመለስ አልከፈተውም። ለምን ይከፍታል? ራሱ የጻፈውን ማን ያነባል?»

የእማማ ቦንግን ምስል ትልቁ ስክሪን ላይ ጣለችው። ቢጫዋ 1 የሕፃን ጭንቅላት አክላ ግድግዳው ላይ ቁጭ አለች። ካፒቴኑ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኼ ዛሬ ጠዋት፣ ሬሳው ሳይገኝ የተነሳ ነው። ከአራቱ የግሩፑ ሰዎች ላኪዋ ስልክ አትቆጠርም። ሦስት ቀሩ። እማማ ቦንግ ከፍተው ነው ፎቶውን ያነሱት። ፓንግ ‹እሺ› ብሎ መልሷል። እትዬ ጆም-ሬ ወጥታለች፤ ቁጥሯ የሷ ልትሆን አትችልም። ይቺ አንድ የማን ናት?»

ታክ ቁጥሯን በጣቷ አመለከተች።

«የእርስዎ ናት፣ ካፒቴን» አለች ታክ። «ትናንት በእራት ሰዓት ያልከፈቱትን መልእክት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለጆም-ሬ ነግረዋታል።»

«ሳልከፍተው… ከላይ ብቅ ሲል ነው ያነበብኩት» አሉ ካፒቴኑ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ይሄን ጠብቄዋለሁ።» ታክ ስልካቸውን ጠየቀቻቸው፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ፓንግ ያንኑ መልእክት ቃል በቃል እንዲልክላቸው አደረገች። የተቆለፈው ስልክ በራ። «‹የክፍሉ ማሞቂያ ስለተበላሸ ነገ ትምህርት የለም። ነፋሱ ከባድ…› እዚህ ላይ ተቆረጠ። ዓርብ የት አለ? የማኅበሩ ፎቅ የት አለ? ቻርጀሩስ? ከፍቶ ያላነበበ ሰው ይህን የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።»

«ግን ለምን?» አለ ሶክ። «እሳቸው ለምን ይገድሏታል?»

«እሱን እነዚህ ይነግሩሃል። ማክሰኞ ስክሪኑ ላይ ምን ነበር? እማማ ቦንግ?»

እማማ ቦንግ ማልቀስ ጀመሩ። የተናገረው ፓንግ ነው፤ ወለሉን እያየ።

«ትምህርት ሰባትን ልታሳየን አለቃውን ስልክህን አምጣ አለችው። ደስ ብሎት ሰጣት። ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘችውና ከልጁ ጋር የሚጻጻፍበትን ከፈተችው። በየቀኑ ጽፎለታል። ‹ዛሬ ነፋስ ነው።› ‹ዛሬ ዓሣው ጥሩ ነው።› ‹በላህ ወይ?› አራት ዓመት ሙሉ። ከእያንዳንዷ ጎን 1፣ 1፣ 1። መምህርቷ ወደ ታች እየሳበች ‹ተመልከቱ፣ 1 ማለት ይህ ነው። ሙት አያነብም!› አለች። ደወሉንም ደወለችበት።»

«እናንተስ?»

«ሳቅን» አለ ፓንግ። «ደወሉ በኛ እንዳይዞር ሳቅን። እትዬ ጆም-ሬ ብቻ ተነስታ ደወሉን ነጥቃ ወረወረችባት።»

ታክ ወደ ካፒቴኑ ዞረች፤ ርኅራኄ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

«ስለ እርስዎ የተነሳች አንዲት ሴት ነበረች። በእርስዎ ፋንታ ካቴና ገባላት። ገመናዎን ላለማውጣት ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እርስዎ ግን ጠዋት ሲወስዷት በመስኮት አዩ።»

«ጀልባው ሳይመጣ እናገር ነበር።»

«ጀልባው መጥቷል።»

እውነትም ጥሩምባው ከወደቡ ተሰማ። አሮጌው ጀልበኛ ድሮ ራሳቸው ይነፉት የነበረውን ድምፅ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። «እኔንና ልጄን ይቅርታ በይ ልላት ነበር የሄድኩት፤ እምቢ ብትል የማደርገውንም አስቤ ነበር» አሉ። «‹ይቅርታ ልጠይቅ? ማንን? እሱ እንደሆነ አያነብም› አለችኝ። ደወሉ አጠገቤ ነበር።»

ሶክ ካቴናውን ከጆም-ሬ እጅ ፈቶ ለካፒቴኑ አጠለቀላቸው። ማናቸውም ወደ ሌላው አላዩም። ጆም-ሬ አንጓዋን እያሻሸች በፊታቸው ስታልፍ ቆም አለች።

«ትናንት በሬ ላይ ቆመህ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለቻቸው። «ብርድ መስሎኝ ነው ሾርባውን የጨመርኩልህ።»

ካፒቴኑን ትናንት ወደ ጆም-ሬ ቤት የወሰዳቸው ደግነታቸው ነበር። አንዲት አሮጊት በብርድ እንዳትለፋ ባያስቡ ኖሮ ማንም ባልደረሰባቸው፣ እሷም በማታው ጀልባ በሄደች ነበር። ነገሩ እንዲህ ክፉ ነው።

ጫማቸውን ሲያደርጉ ታክን እጅጌዋን ያዟት። «ሁሉን ውሰጂ፣ ልጄ። የኔን ስልክ ክፈቺ፣ ቁጥሩን እነግርሻለሁ። የልጄን ግን አትክፈቱት። እንዳለ ይቀመጥ።»

«ከቤትዎ የወጣ ስልክ ሁሉ ይከፈታል። ዐቃቤ ሕግ ያዛል።»

«እንዳለ ይቀመጥ» አሉ እንደገና፣ እንዳልሰሙ ሆነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ታክ ከተማ በቢሮዋ ተቀምጣ የካፒቴኑን ስልክ ትመረምር ነበር። ለልጃቸው የጻፉትን ከታች ወደ ላይ እያነበበች ነው። «ዛሬ ፀሐይ ነው።» «ጎረቤት የጎመን ኪምቺ ሰጠችኝ፣ አንተ የምትወደው ዓይነት።» «በላህ ወይ?» ከእያንዳንዷ ጎን ቢጫዋ ቁጥር ቆማለች። በግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ባለሙያው የልጁን ስልክ ከፍቶ የአባቱን መልእክቶች ሲገልጥ ማንም አልነገራትም። ያወቀችው በራሷ ዐይን ነው፤ ቢጫዎቹ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉ። የአራት ዓመት መልእክት ሁሉ ተነበበ። ስልኩን ደፍታ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ እስር ቤት ሄደች። ካፒቴኑ ከመስታወቱ ወዲያ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ቁጥሯ አሁንም አለች?» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

መዋሸት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን በዕድሜዋ ያልለመደችው ነገር በዚያች ሰዓት አልመጣላትም።

«የለችም» አለች። «ተነብቧል።»

ያን ጊዜ በሽማግሌው ፊት ላይ የሆነውን ታክ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ፊታቸው በራ። እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ካቴናው ጠረጴዛውን መታው።

«ማን አነበበው?» አሉ።

«አንድ የማያውቅዎት ሰው» አለች ታክ፤ ወንበሯንም ስባ ተነሳች።